መቶ ሃያ በሰማኒያ

ጋሽ ይማም ሲሞቱ ግፊታቸው መቶ ሃያ በሰማኒያ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የለካኋቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እርግጥ እኔ ያልኳቸው መቶ ሃያ ሁለት ነው። ሁለቷን የቀነሱት ራሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደሚቀንሱ እደርስበታለሁ።

እናቴ ደሴ ካለው ሰፈራችን ከሆጤ ስትደውል እኔ ኮምቦልቻ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የአንዲት ነፍሰ ጡር ክንድ ላይ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ እየጠቀለልኩ ነበር። «ሩሐማ፣ ጋሽ ይማም አረፉ» አለችኝ። እንደ ሰው «ወይኔ!» ማለት ሲገባኝ «በምን? በግፊት?» አልኳት። «ኧረ ግፊታቸውማ ልክ ነበር አሉ። የሳምባ ምች ነው። የደሴ ብርድ ነው የጨረሳቸው» አለች። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ የራሷ ቁጥር ያስለቀሰኝ መስሏት «ምነው እህቴ፣ ያን ያህል ከፋ?» እያለች ተርበተበተች። «ያንቺስ ደህና ነው፣ ሰው ሞቶብኝ ነው» ብዬ እስካስረዳት የእውነቱም ግፊቷ ሳይጨምር አልቀረም። ጋሽ ይማም ይሄን ቢያዩ ኖሮ መናኸሪያው ውስጥ ሳምንት ያወሩት ነበር።

ጋሽ ይማም ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚነዱ ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ እሳቸው የመስጊድ ሰው፤ አጥራችን ግን አንድ ነው። ሩሐማ የሚለውን ስሜን ገና በልጅነቴ «ራህማ» አድርገውት፣ እናቴም አርማ አርማ ሲታክታት ትታዋለች። ደንዳና ሰው ነበሩ፤ ክንዳቸው የሌላውን ሰው ጭን ያህላል። ሰላምታ ላይ ደግሞ የሚያህላቸው የለም። በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ እንጨት የተሸከመች ሴትም ትሁን የትራፊክ ፖሊስ፣ መስኮት ዝቅ አድርገው «አፊያ ነሽ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ?» ሳይሉ አያልፉም። ትራፊኩንም ስለ ከብቶቹ ጠይቀውት ያውቃሉ።

ያኔ እኔ ደሴ ነርሲንግ እማር ነበር። ለተግባር ልምምድ ኮምቦልቻ ስለተመደብኩ በየጠዋቱ በጋሽ ይማም ሚኒባስ እወርዳለሁ። አንድ ጭንቅ ነበረብኝ፦ ግፊት መለካት አልችልም። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጨርቁን ክንድ ላይ ጠቅልለሽ ትነፊያለሽ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ እየለቀቅሽ በማዳመጫው ትሰሚያለሽ። ድምፁ ሲጀምር የላይኛው ቁጥር፣ ሲጠፋ የታችኛው። በቃ። እኔ ግን ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ባደረግኩ ቁጥር የምሰማው የራሴን ልብ ነው፤ እሱም ከፍርሃት ብዛት ይጋልባል።

የክፍል ጓደኞቼም የሚሰሙት ነገር አልነበረም። ግን ብልሆች ነበሩ፤ ሁሉም «መቶ ሃያ በሰማኒያ» ብለው ይጽፋሉ። በኛ ክፍል ሥራ ቢሆን ደሴ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ አይገኝም ነበር። መምህራችን ሲስተር አልማዝ ይሄን ታውቃለች፤ ምላሷ ደግሞ ምላጭ ነው። «ያልሰማሽውን አልሰማሁም በይ» ትለኝ ነበር። «ውሸት የለመደ ጆሮ ኋላ እውነቱ ቢመጣም አያውቀውም።» እሷን ፈርቼ እኔ ብቻ በየቀኑ «አልሰማሁም» እያልኩ የክፍሉ ሰነፍ ተባልኩ።

አንድ ጠዋት ሚኒባሱ እስኪሞላ ጋቢና ቁጭ ብዬ ጨርቁን በራሴ ክንድ ላይ ጠቅልዬ በአንድ እጄ ስታገል ጋሽ ይማም አዩኝ።

«ራህማ፣ ምንድን ነው የምትነፊው? ጎማ ነው?»

«ግፊት ነው ጋሽ ይማም። አልሰማ ብሎኝ ነው።»

«ታዲያ የራሱን ጎማ ብቻ እየነፋ ሙያ የለመደ ጎሚስታ የት አይተሻል? እንቺ!» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

የዘረጉት ከነኮታቸው ነው። ደሴ ጠዋት ኮት አይወለቅም፤ ከኮቱ ሥር ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። ሞተሩ ይንተከተካል፣ ሬዲዮው ያወራል። «ጋሽ ይማም፣ ሲለካ አይወራም» ስላቸው «ወላሂ ትንፍሽ አልልም» ይሉና ወዲያው በመስኮት «አሰላሙ አለይኩም ሙሐመድ! አፊያ ነህ? እናትህ ተሻላት?» ይላሉ። ሙሐመድም እናቱ እንዴት እንደተሻላት ከመጀመሪያው ይተርካል። ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረትማ በኛ አገር ከግፊት የባሰ በሽታ ነው። ቀስቷ ወርዳ ዜሮ ስትገባ እኔ የሰማሁት የሙሐመድን እናት ጤንነት ብቻ ነበር።

«ስንት ነው?» አሉኝ።

«አልሰማሁም።»

«አብሽሪ፣ እኔ አውቀዋለሁ!» አሉና ወደ ተሳፋሪው ዞረው፣ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ እያሉ በሚጣሩበት ድምፅ «መቶ ሃያ በሰማኒያ!» ብለው አወጁ። «ይቺ ልጅ አትሳሳትም! ወላሂ ደሴ ውስጥ እንደሷ የሚለካ የለም!»

«ኧረ ጋሽ ይማም፣ እኔ እኮ አልሰማሁም ነው ያልኩት!»

«ይሉኝታዋ ነው» አሏቸው ለሰዎቹ። ሰዎቹም «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው ልጅ» አሉ።

ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው፣ ድሮ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሄደው ተለክተው ነው። «ግፊት እኮ ይለዋወጣል» ብላቸው «የኔ አይለዋወጥም። እኔ አንዴ ያልኩትን የማልቀይር ሰው ነኝ» አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ልማድ ሆነ። በየጠዋቱ እለካቸዋለሁ፣ በየጠዋቱ አልሰማም፣ በየጠዋቱ መቶ ሃያ በሰማኒያ ይታወጃል። ስሜ ከኔ ቀድሞ ኮምቦልቻ ገባ። ሰው በሙያው ይከበራል፣ እኔ በጋሽ ይማም ምላስ ተከበርኩ። ገበያ ላይ ሁሉ «የማትሳሳተዋ» ይሉኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ እፍረቴን የት እንደማደርሰው አላውቅም።

ከእፍረቱ በላይ ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ጋሽ ይማም ማጅራታቸውን ማሸት አበዙ። አንዳንዴ ኩርባ ላይ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ይገልጣሉ። «ራስዎን ያምዎታል?» ስላቸው «ይሄ የሐረጎ ኩርባ ነው፤ የሾፌር አንገት እንዲህ ነው» ይላሉ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ገደሉን እያየሁ፣ ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ እያሰብኩ፣ እውነተኛውን ቁጥር ማወቅ አለብኝ እላለሁ። «እባክዎ አንድ ጠዋት ኮትዎን ያውልቁልኝ» ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «በደሴ ጠዋት? ራህማ፣ ከግፊት ይልቅ ብርድ ይገድላል!» አሉኝ። ያኔ ስቄባቸው ነበር።

ኮቱ የወለቀው ኮምቦልቻ ነው። አንድ ቀን ከልምምድ ስወጣ ሚኒባሳቸው ለመመለስ ተራ ይዞ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጋሽ ይማም የአስርን ሶላት ሰግደው መጥተው ኮቱንም ሹራቡንም በር ላይ ሰቅለው፣ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያነቃነቁ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እሳቸው ሰላምታ የማይሰጡበት ሰዓት ይሄ ብቻ ነው። ጋቢና ገብቼ አየኋቸው፦ ክንድ ራቁቱን ነው፣ ወሬ የለም፣ ዕረፍት አድርገዋል። ሲስተር አልማዝ በሕይወቷ ሙሉ ተመኝታ ያላገኘችው ሰው! በዓይኔ ጠየቅኋቸው፣ በቅንድባቸው ፈቀዱልኝ።

ጠቀለልኩና እንደ ሁልጊዜው እስከ መቶ ሰማኒያ ነፋሁ። ገና ልለቅ ስል አንድ ነገር ዱብ፣ ዱብ አለ። የመኪናውን ቆርቆሮ የሚመታ ሰው መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ማንም የለም። ከዚህ ቁጥር ላይ ከሰማሁማ ድምፁ የጀመረው ከላይ ነው ማለት ነው። ለቀቅኩት፣ ትንሽ ጠበቅኩ፣ አሁን በጣም ከፍ አድርጌ ነፋሁና ቀስ እያልኩ አወረድኩ። ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ዱብ! ዱብ! ዱብ! ጥርት ብሎ፣ አንድ በአንድ!

«ሰማሁት!» ብዬ ጮህኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከደስታዬ ብዛት ቁጥሩ ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ደስታዬ ከሰመ። ድምፁ የጀመረው ሁለት መቶ ላይ ነው፣ የጠፋው መቶ ሃያ ላይ። ጋሽ ይማም ለካ ሁልጊዜ ሲያውጁት የነበረው መቶ ሃያ እውነት ኖሯል፤ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው፣ ታች ነበር። በሌላኛው ክንድ ደገምኩ። ያው ነው።

እስከዚያ ሚኒባሱ ሞልቷል። ጋሽ ይማም መቁጠሪያቸውን ጨርሰው፣ እኔን ሳይጠይቁ ወደ ኋላ ዞረው «መቶ ሃያ በ…» ሲሉ «አይደለም!» አልኩ። «ሁለት መቶ በመቶ ሃያ ነው። በዚህ ግፊት መኪና አይነዳም። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ።»

«መሣሪያሽ ነው» አሉ። «በኮምቦልቻ ሙቀት እንኳን ይሄ ጎማም ያብጣል።»

«በሁለቱም ክንድዎ ለካሁ እኮ!»

«እንግዲያው ጆሮሽ ነው። ተማሪ አይደለሽ? ትሳሳቻለሽ።»

ይሄኔ ከኋላ እትዬ ከዲጃ ተነሡ። ከኮምቦልቻ ቲማቲም እየጫኑ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። «ምን አልክ ይማም? አትሳሳትም ያልከን አንተ አይደለህ? ዛሬ ጠዋት እንኳ እንደሷ የሚለካ የለም ብለህ ምለሃል!»

«እሱማ ጠዋት ነው…»

«ታዲያ እስከ አስር ጆሮዋ ወደቀባት? አውርዱልኝ ቲማቲሜን!»

እትዬ ከዲጃ ሲወርዱ ሌላውም ወረደ። ተራቸው ገና ያልደረሰ ጋሽ ሁሴን የተባሉ ሾፌር ከበስተኋላ ጥሩምባቸውን እየነፉ «በዚህ! በዚህ! ግፊት የሌለበት ሾፌር እዚህ ነው!» ብለው ሕዝቡን ጠራርገው ጫኑ። ጋሽ ይማም መሪያቸውን ይዘው ፊት ፊታቸውን ያያሉ። «እባክዎ፣ አይንዱ» አልኳቸው። «ውረጂ» አሉኝ። አንድ ቃል ብቻ።

ባዶ መኪናቸውን ይዘው ወጡ። እኛ በጋሽ ሁሴን መኪና ከኋላቸው ነን። በየኩርባው ሲሰወሩ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሲወጡ እለቃለሁ። እንዲህ አምላኬን ለምኜ አላውቅም። ደሴ በሰላም ገቡ። በማግስቱ አጥራችን ጋር ስንገናኝ፣ የትራፊኩን ከብቶች ደህንነት የሚጠይቁት ሰው እኔን ሳያዩ አለፉ። ከዚያ በላይ ምን ቅጣት አለ? ያን ቀን ቁርስ አልበላልኝ አለ።

ከዚያ ጥርጣሬው መጣ። ለሲስተር አልማዝ ነገርኳት። «የክንዳቸውን ውፍረት አይተሻል?» አለችኝ። «ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ጨርቅ ካሰርሽ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል።» ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። የኔ ጨርቅ መካከለኛ ነው፣ የጋሽ ይማም ክንድ ምን እንደሚያህል ተናግሬአለሁ። ቡናስ ጠጥተው ቢሆን? ጫትስ ቅመው ቢሆን? ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ውሸት ቢሆንስ? እናቴ «ልጄ፣ የሰው እንጀራ ላይ ነው የተነሣሽው» አለችኝ። ይቺው በቃችኝ። በዚያው ሰሞን ሚኒባሳቸው ከመስመር ጠፋ። አጥሩ ማዶም ድምፃቸው የለም። ሄጄ እንዳልጠይቅ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ በምን ዓይን ያዩኛል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» የሚል የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ይማም የተራ አስከባሪ ሰደርያ ከኮታቸው ላይ ደርበው መሀል ሜዳ ቆመዋል። ሲያዩኝ በሕዝብ ፊት ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ራህማ! ተሳስተሻል!»

ወደሳቸው ቀረብ አልኩ። «ስንት ሆኖ ነው?»

«ሆስፒታል ሄድኩ፤ ውሸትሽን ላጋልጥ። ለኩኝ። አንቺ ሁለት መቶ አልሽ አይደል? መቶ ዘጠና ስምንት ነው! በሁለት ተሳስተሻል!»

«እና… ምን አሉዎት?»

«ምን ይላሉ? አስተኙኝ እንጂ! ደም ሥርህ ሊበጠስ ነበር አሉኝ። ከአልጋ ተነሥቼ በሁለት እንደተሳሳትሽ የምነግርሽ ቀን እስኪደርስ ቸኩዬ!»

«ታችኛውስ ስንት ሆነ?»

«ታችኛውን ተዪው» አሉ ቀስ ብለው።

አቅፌ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ እሳቸው ግን ለመናኸሪያው ሁሉ ያውጃሉ፦ «አትሳሳትም ብያችሁ ነበር፣ አውፍ በሉኝ፣ በሁለት ትሳሳታለች!» ግፊት በየሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ሁለት ደግሞ በመለኪያው ላይ የትንሿ መስመር ልክ ናት፣ ከዚያ ያነሰ ስህተት መሣሪያውም አያሳይም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «ሰበብ አታብዢ፣ ስህተት ስህተት ነው» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን የነዳጅ ጌጅ ሲያዩ የኖሩ ሾፌር ስለ ትንሿ መስመር የማያውቁ ይመስል!

መኪናዋን ለአማቻቸው ሰጡ። ክኒናቸውን ያለማቋረጥ ዋጡ። እኔ ተመርቄ ኮምቦልቻ ስመደብ፣ ደሴ ያን ሁሉ ሐኪም ይዛ፣ እሳቸው ተሳፋሪ ሆነው ሐረጎን እየወረዱ እኔ ጋ ይለኩ ነበር። ቁጥሩን ስነግራቸው ጮክ ብለው ሁለት ይቀንሱና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ግን ሲያዩኝ እጅጌያቸውን ወደ ታች ይስባሉ፤ የሰው መሪ የምነጥቅ ጉድ አድርገውኛል። ከሁሉም የባሱት ጋሽ ሁሴን ናቸው። መንገድ ቀይረው ያልፉኝ ነበር።

የሞቱ ዕለት ደሴ ስደርስ ጀናዛው ወጥቶ ቀብሩም አልቋል። እትዬ ፋጡማን አቅፌ አልቅሼ ስወጣ፣ ከወንዶቹ ድንኳን አንድ ሰው ጠራኝ። ጋሽ ሁሴን ናቸው።

«በሁለት የምትሳሳችው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ነኝ» አልኩ። እዚህም ተከተለኝ ብዬ።

«ይማም ሊሞት ሰሞን ጠርቶኝ ነበር። ሁሴን፣ ተለካ አለኝ። ሌላ ቦታ ግን አትሂድ፣ የሌላው ስህተት ስንት እንደሆነ አይታወቅም። የሷ ግን ይታወቃል፣ ሁለት ነው። እሱን ቀንሰህ እመናት አለኝ።» ይሄን ብለው ኮታቸውን አወለቁ፤ በዚያ ብርድ። ሹራቡንም ጨመሩ። «መሣሪያሽን ይዘሻል?»

ይዤዋለሁ፣ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ወንበር አመጡልን። ጨርቁን አሰርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሾፌሩ ሁሉ አለ፣ የሚገባው ይገባል፣ ሰላምታው አያቋርጥም። እንዴት ልሰማ ነው ስል አንዱ «ሽ! ትስማ!» አለ። ድንኳኑ በሙሉ ዝም አለ። በዚያ መሀል አንድ ሽማግሌ ገብተው «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ በወሎ ምድር ተደርጎ የማያውቅ ነገር ተደረገ፦ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ብቻ ነቀነቀላቸው። ጋሽ ይማም ለሾፌሮቹ እኔ በሌለሁበት ምን ምን ሲነግሯቸው እንደኖሩ ያኔ ገባኝ። እንባዬ ማዳመጫው ላይ እየወረደ ጥርት አድርጌ ሰማሁ።

«መቶ ሰባ በመቶ» አልኳቸው።

«ሁለቱ ሲቀነስስ?»

«መቶ ስድሳ ስምንት።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው ጋሽ ሁሴን።»

ሹራባቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ። ከዚያ ወደ ሾፌሮቹ ዞረው የነገ ተራቸው ለሌላ እንዲሰጥ ነገሯቸው። «ምነው ሁሴን፣ አሁን በዚች ልጅ መሣሪያ…» ሲላቸው አንዱ፣ በእጃቸው አስቆሙት።

«ከሁለት በላይ አትሳሳትም» አሉ።